ገበሩም አለበት ለካ

ልጃችን አልጋ ላከልን። እሱ ደብረ ማርቆስ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። አልጋው በአይሱዙ ተጭኖ ቢቸና ደረሰና ደጃችን ላይ ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ። በበሩ ግን አልገባም አለ። በሩን ከነማጠፊያው ነቅለን አስገባነው። መልሰን ስንገጥመው ደግሞ በሩ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ቆመ፤ የአልጋው ጫፍ ይዞታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና ባለቤቴ ቤታችን የምንገባው በጎናችን ነው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ውፍረቱን እናያለን።

«ኪንግ ሳይዝ ነው፣ አባ» አለኝ ልጄ በስልክ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የንጉሥ ልክ ማለት ነው።»

ለባለቤቴ ነገርኳት። አልጋውን መዞሪያ በተረፈው በኩል ዞራ አየችው። «ንጉሡ እስኪመጣ እንግዲህ እኛ እንጠብቅለታለን» አለች።

ልጁን አልወቅሰውም፤ የእናቱን ወገብ አስቦ ነው። የበፊቱ አልጋችን የጠፍር ነበር። ጠፍሩ ከዘመን ብዛት መሀል መሀሉ ረግቦ ስለነበር፣ እኔ ከግራ እሷ ከቀኝ ብንተኛም ብዙ ሳንቆይ እየተንሸራተትን መሀል ላይ እንገናኛለን። የምንለብሰው ደግሞ ጎጆ በወጣን ጊዜ እሷው የሰፋችውን ድሪቶ ነው። ድሪቶ የምንለው በሁለት ጨርቅ መሀል ጥጥ ገብቶበት ዳር እስከ ዳር በመርፌ የተጠቀጠቀውን የሌሊት ልብስ ነው፤ የላዩ ጨርቅ ፊት ይባላል፣ የውስጡ ገበር። ጠባብ ነው፣ ግን መሀል ስለምንሰበሰብ አንሶን አያውቅም።

በንጉሡ አልጋ ላይ መሀል የሚባል ነገር ጠፋ። እንደ ጠረጴዛ ደልዳላ ነው። እሷ በወዲያ ዳር፣ እኔ በወዲህ ዳር፤ ድሪቶው ሜዳ ላይ ቀረ።

«ትጎትታለህ» ትለኛለች ጠዋት ጠዋት።

«እኔ አልጎትትም። ራሱ ነው የሚመጣው።»

«እግር አውጥቷላ።»

ሰው ፊት አንቱ ነው የምትለኝ፤ የእናቷ ቤት ወግ ነው። ሰው ከሌለ አንተ ነኝ። ይህን አሁን የማነሣው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ነገሩ ልጃችን ጆሮ ደረሰ። «ለየራሳችሁ ኮምፎርት ልግዛላችሁ፤ ከተማ እንደዚያ ነው የሚደረገው» አላት። ኮምፎርት ያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሱቅ የሚሰቀለው ለስላሳ የሌሊት ልብስ ነው። «ለየራስ» የምትለዋ ቃል ባለቤቴን ደስ አሰኘቻት። ሽንኩርት ስትልጥም፣ ምስር ስትለቅምም ለብቻዋ «ለየራስ» ስትል እሰማታለሁ። እኔን ግን አስፈራችኝ። ጀርባዬ የእሷን ጀርባ ለምዷል። ያን ሁሉ ዘመን ሲደገፈው የኖረውን ነገር አጥቶ እንዴት እንደሚያድር አላውቅም። ደግሞም ዛሬ ልብሱ ለየራስ ከሆነ ነገ አልጋው ለየራስ መሆኑ ነው፤ የጠፍሩ አልጋ እንደሆነ ገና አልተጣለም፣ ጓሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

«አንድ ትልቅ ድሪቶ እናሰፋ» አልኳት። «ለአልጋው ልክ የሆነ።»

ጥቂት አሰበችበት። «እሺ። ዳር እስከ ዳር ከደረሰ አንድ ይሁን። አንድ ስንዝር ካጠረ ግን ለየራስ ነው። ከዚያ በኋላ እንዳትከራከረኝ።»

ተስማማን።

ሞጣ የምትኖረው ታናሽ እህቷ ጥሩ የጥጥ ጨርቅ እንደመጣ፣ የተነደፈ ጥጥም እንዳለ በስልክ ነግራን ነበር። የባለቤቴ ወገብ መኪና ስለማይችል መሄዱ በእኔ ላይ ወደቀ። መለካቱ ግን የእሷ ነው። ገመድ ባቀብላት አልቀበልም አለች።

«ይኼ ለመጋረጃው የለካንበት ገመድ አይደል? ከዚያ በኋላ በግ አሰርክበት። በጉ ስቦ ስቦ አስረዝሞታል። እኔ በግ በሳበው ገመድ አልለካም።»

በክንዷ ለካች። ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ ድረስ ያለው ነው ክንድ የሚባለው፤ ሰው ሁሉ መለኪያውን ይዞ ይዞራል። አልጋው ላይ ወጥታ እየዳኸች፣ ክንዷን እያስተኛችና እያነሣች ለካችው። ቁመቱ አምስት ክንድ፣ ወርዱ አራት ሆነ። ከዚያ መሬት ላይ ባቄላ ዘርግታ ትደምር ጀመር። በየጎኑ ለሚንጠለጠለው፣ ሲታጠብ ለሚሰበሰበው፣ ጨርቁ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ እየተጋጠመ ለሚሰፋበት፣ ለሁሉም ባቄላ ታስቀምጣለች። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት እስከ መጀመር ደርሼ ነበር፤ ድምር ላይ ሳልደርስ ወደ እርሻው ተመለስኩ። ስለዚህ ቆሜ ከማየት በቀር የምለው አልነበረኝም።

«ሠላሳ ስድስት ክንድ» አለች በመጨረሻ። ሌላም ነገር አከለችበት። እኔ በዚያን ሰዓት አንዱን እግር ጫማዬን ፍለጋ አልጋው ሥር ገብቼ ነበርና ያንን አልሰማሁትም። የንጉሥ አልጋ ሥሩም ሰፊ ነው።

ሚኒባሱ ላይ ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ በከንፈሬ እየደጋገምኩ ሄድኩ። ሠላሳ ስድስት ክንድ፣ ሠላሳ ስድስት ክንድ። አጠገቤ ዶሮ በቅርጫት የያዘች ሴት ተቀምጣ ነበር። ጸሎት መስሏት በአክብሮት ዝም ብላ ቆየች። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ግን አላስቻላትም።

«አባባ፣ የየትኛው መልአክ ጸሎት ነው? እኔም ልያዘው ብዬ ነው።»

«ጸሎት አይደለም፣ ልጄ። የጨርቅ ልክ ነው።»

ነገሩን ነገርኳት። አዳምጣ ስታበቃ «ክንዱ የማን ነው?» አለችኝ።

«የባለቤቴ።»

«እሳቸው የት አሉ?»

«ቢቸና።»

ዶሮዋን አየት አደረገችና «ክንዳቸውን ቤት ትተውት ነው ለካ የሚሄዱት» አለች።

ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። እኔ ይህንን እስከዚያች ሰዓት አላሰብኩትም ነበር። የእኔ ክንድ ከባለቤቴ ክንድ በጣም ይረዝማል። አንዱ «በራስዎ ክንድ ይለኩና ትንሽ ይቀንሱ» አለ። ሌላው «ስንት ነው ትንሽ?» አለው። ሾፌሩ ሳይቀር መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን ክንዱን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ፤ «የእሳቸው ይህን ያህላል?» አለ። መንገዱን እንዲያይ ለመንኩት። ሞጣ ስንደርስ የመኪናውን ሰው ሁሉ ክንድ አይቼ ጨርሼ ነበር። የባለቤቴን የሚመስል አላገኘሁም።

የሚስቴን እህት ዋርሳዬ ነው የምላት፤ እሷም እኔን እንደዚያው ትለኛለች። ቤቷ አረፍ ብዬ ችግሬን ስነግራት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

«ዋርሳዬ፣ ይኼ ነው ያስጨነቀዎት? የእሷ ክንድና የእኔ ክንድ ከአንድ ማሕፀን የወጣ አይደለም?»

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። የባለቤቴን ክንድ ሞጣ በማግኘቴ ደስ እያለኝ ተከተልኳት።

ባለ ሱቁ ወጣት ነው። ገና ስንገባ የብረት ሜትሩን አንሥቶ «ስንት ሜትር ላድርግ?» አለ።

«ሜትርህን አስቀምጠው» አለችው። «ክንድ ይዘን መጥተናል።»

«እትዬ፣ እኔ በክንድ አልሸጥም።»

«አንተ በሜትር ሽጥ። እኛ በክንድ እንገዛለን።»

ሰማያዊ፣ ደቃቅ አበባ ያለበት ጨርቅ መረጥኩ። ጥቅሉ ባንኮኒው ላይ ተዘረጋና ዋርሳዬ ክንዷን አስተኛች።

«ጣትዎን አይዘርጉብኝ እንጂ» አለ ባለ ሱቁ።

«ክንድ ከነጣቱ ነው። ጣቴን ቤት ላስቀምጠው?»

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ግን ጥርጣሬ ጣለብኝ። «አባቴ፣ እህትማማች ሁሉ እኩል አይሆንም። የእኔና የወንድሜ ጫማ እንኳ አይገጥምም። ጨርቅ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ አልመልስም» አለኝ። አንድ ስንዝር ካጠረ ምን እንደሚመጣብኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ክንድሽ ከእህትሽ ክንድ እኩል ነው ወይ?»

«የእሷ አጭር ነው» አለች ወዲያው። «ልጅ ሆነንም አጭር ነበር።»

ዋርሳዬ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ ነበር። «ውሸቷን ነው። ቆጡ ላይ ያለውን ማን ነበር የሚያወርደው?»

«በርጩማ ላይ ቆመሽ ነዋ» አለች ባለቤቴ ከቢቸና።

ባለ ሱቁ ጊዜው ሲሄድበት ጊዜ መላ አመጣ። ቢቸናም ሞጣም አንድ ዓይነት የሆነ ዕቃ ተፈልጎ ሁለቱም በእሱ ክንዳቸውን ይለኩ አለ። ምን አንድ ዓይነት ነገር አለ? ዋርሳዬ በርጩማ አለች። በርጩማ በርጩማን አይመስልም። እኔ እንቁላል አልኩ፣ ሳቁብኝ። ኋላ ልጁ ከመደርደሪያው ላይ ክብሪት አንሥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። እውነትም ክብሪት የትም አንድ ነው።

ባለቤቴ ወዲያ፣ ዋርሳዬ ወዲህ፣ ክንዳቸውን አጋድመው የክብሪቱን ቀፎ እያስቀደሙ ለኩ። መጀመሪያ የጨረሰችው ባለቤቴ ናት።

«ስምንት ክብሪት ከትንሽ።»

ዋርሳዬም ጨረሰች። «ስምንት ክብሪት ከትንሽ።»

«ያንቺ ትንሽ ስንት ነው?» አለች ባለቤቴ።

«መጀመሪያ ያንቺን ንገሪኝ።»

በዚህ መሀል ሱቁ በሰው ሞልቷል። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሽማግሌ «ትንሽና ትንሽ እኩል ነው፤ ፈርጄያለሁ» ብሎ ገላገለን። ዋርሳዬ መለካቷን ቀጠለች፤ ሠላሳ ስድስት ስትሞላ ጨርቁ ባንኮኒው ላይ ተከምሮ ባለ ሱቁን ከአገጩ በታች ሸፈነው። መቀሱን አንሥቶ ሊቆርጥ ሲል አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ይኼ የፊቱ ብቻ ነው ወይስ ከነገበሩ?»

አላውቅም። ያን ጊዜ አልጋው ሥር ነበርኩ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩና «ገበሩን ቆጥረሽዋል ወይ?» አልኳት። ባቄላዋን ስትነካካ ተሰማኝ። መስመሩ መቆራረጥ ጀምሯል። ትንሽ ቆይታ ድምፅዋ መጣ።

«ገበሩም አለበት ለካ።»

ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ብንደውል ብንደውል አልገባ አለ።

እንግዲህ ይህችን ንግግር ልብ በሉልኝ። እሷ ባቄላውን መልሳ አይታ፣ ገበሩም እዚያው ድምሩ ውስጥ መግባቱ ትዝ ብሏት፣ ለካስ እሱም ተቆጥሯል ማለቷ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ትእዛዝ ነው፦ ገበሩ ገና ይቀረዋል፣ በል ለካ። «አለበት» ሁለት መንገድ ይሄዳል፤ ውስጡ አለ ይሆናል፣ ይቀረዋልም ይሆናል። «ለካ»ም እንደዚያው ነው። የቅኔ ተማሪ ይህንን ቢያገኝ ሳምንት ይሰነብትበት ነበር። እኔ የቅኔ ተማሪ አይደለሁም፣ ባል ነኝ። ታዘዝኩ።

«ምን አሉ?» አለ ባለ ሱቁ።

«ለካ ነው የምትለኝ።»

«ይለካ?»

«ይለካ።»

ለገበር የሚሆን ነጭ አቡጀዲ ወረደ። ዋርሳዬ ክንዷን እያሸች እንደገና ከአንድ ጀመረች። ሠላሳ ስድስት። በዚያ ላይ ባለ ሱቁ ለክንዷ ድካም ብሎ ትንሽ መረቀልን። ጥጡ ግን ምንም ክርክር አልነበረውም። ጥጥ ነዳፊው ዘንድ ሄጄ «የአንድ ድሪቶ» አልኩ፤ የአንድ ድሪቶ ሰጠኝ።

ቢቸና ስደርስ ጨርቁ በበሩ ክፍተት አልገባ ብሎ በመስኮት አቀበልኳት። ተቀብላ ተቀብላ ሲደክማት አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ነው የገዛኸው?»

«ያልሽኝን።»

«እኔ ስንት አልኩህ?»

«ሠላሳ ስድስት። በኋላ ደግሞ የገበሩን ለካ አልሽኝ።»

«እኔ ለካ አልኩህ?»

«ገበሩም አለበት ለካ አላልሽም?»

ከዚያ ገባት። ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል።

«እኔ ለካ አልኩህ እንጂ፣ ለካ አላልኩህም» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «አጠገቤ ሰው ቢኖር አንቱ እልህ ነበር። ይለኩ ነበር የምልህ፤ ያን ጊዜ አትሳሳትም። ሰው በመጥፋቱ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ጥፋቱ የጎረቤቶቻችን ሆነ። ሌላ ጊዜ ከደጃችን የማይጠፉት ሰዎች በዚያች ሰዓት አንዳቸውም ብቅ አላሉም።

ሳቋ ሲበርድ ጨርቁን በእጇ ዳሰስ ዳሰስ አደረገች። ሰማያዊውን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ አየችው። ፊቷ ላይ አንድ ሐሳብ ሲመጣ አየሁ።

«ሁለት ይወጣዋል» አለች። «አንድ ላንተ፣ አንድ ለእኔ። ለየራስ። ራሱ መጣልን።»

ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት እንዳያጥር ነው። ከሠላሳ ስድስቱ አንዲት ክንድ እንዳትጎድል የሰው ክንድ ሳይ፣ ክብሪት ሳስደረድር የዋልኩት እንዳያጥር ነው። ሊተርፍ ይችላል ብዬ ለአፍታም አልፈራሁም ነበር።

«ካጠረ ነበር ያልሽው» አልኳት። «አላጠረም።»

«አላጠረም፤ ተረፈ። የተረፈ ነገር ደግሞ ይካፈላሉ።»

እሷ ሰፋች፣ እኔ ክር በመርፌ ሰካሁላት፤ በገዛ እጄ ለየራሴን አዘጋጀሁ ማለት ነው። ሁለት ትልልቅ ድሪቶዎች ሆኑ። አንደኛው ጥጡን ሁሉ ይዞ ተነፋ። ለሁለተኛው ሲደርስ ጥጥ አለቀ። እሱ ፊትና ገበር ብቻ ሆኖ እንደ ታጠፈ ወረቀት ተጋደመ።

የዚያን ዕለት ምሽት አልጋው ላይ ክርክር ተነሣ።

«ሙሉው ያንተ ነው» አለች። «አንተ ብርድ አትችልም።»

«ወገቡን የሚያመው ማንን ነው? ሙሉው ያንቺ ነው። እኔ ባዶውን እለብሳለሁ።»

«ባዶውን ለብሰህ ስትንቀጠቀጥ አልጋው እኔንም ሲያንቀጠቅጠኝ ሊያድር ነው?»

«አንቺስ ባዶውን ለብሰሽ ስታስነጥሺ?»

«እኔ አላስነጥስም።»

ይህንን እያለች አስነጠሰች። ሙሉውን ወደ እሷ ገፋሁት፣ ወደ እኔ መለሰችው፤ ደግሜ ገፋሁት። በመጨረሻ መሀል ላይ ቀረ፤ እሷም አልነካውም አለች፣ እኔም አልነካውም። በየዳራችን ጀርባ ተሰጣጥተን ጥቂት ቆየን። ብርዱ ግን ክርክር አያውቅም። ማን ቀድሞ እንደገባ እስካሁን አልተማመንም። ስንነቃ ሁለታችንም ከሥሩ ነበርን፤ ድሪቶው ከአልጋው አልፎ በሁለቱም በኩል ወለል ነክቶ፣ ጀርባዬም የለመደውን ጀርባ አግኝቶ። በግርጌ በኩል የጎረቤት ዶሮ ከሥሩ ገብታ እንቁላል ጥላለች።

«ጥጥ እስኪገዛ ነው» አለች እንቁላሉን እያነሣች።

«እስኪገዛ ነው» አልኩ እኔም።

ጥጥ መግዛቱ የእኔ ሥራ ሆነ። የመጀመሪያው ገበያ ቀን ሽንኩርትና ጨው ይዤ ተመለስኩ። «ጥጡስ?» አለች። «ጠፍቷል» አልኳት። በሚቀጥለው «አለ፣ ግን አልተነደፈም» አልኳት። በሌላኛው ዝናብ መትቶታል አልኳት። በጋ ነበር። እሷም ወደ ሰማዩ ቀና ብላ አየችና «መትቶታላ» አለች። ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ተወች። ልጃችን ጥጥ ልላክ ወይ ብሎ ሲደውል እንኳ «ተው፣ አባትህ እየፈለገ ነው» ስትለው ሰምቻለሁ።

አንድ ገበያ ቀን ግን ወገቧ ተሻላት። ነጠላዋን አጣፋች፣ ዘንቢሏን አነሣች፣ እኔው ራሴ እሄዳለሁ አለች። ልከለክላት ምክንያት አጣሁ። በዚያው ጠዋት ወደ ገበያው መግቢያ ወፍጮ ቤቱ ጥግ የጥጥ ነጋዴዎች ጆንያ ጆንያውን ከምረው አይቻለሁ። ያንን ሳያይ ገበያ የሚገባ ሰው የለም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ፣ ጓሮ ወዳለው የጠፍር አልጋ እንዳላይ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ጠበቅኋት።

ከቀትር በኋላ መጣች። በጎኗ ገባች፤ ዘንቢሉን ከኋላዋ ሳበችው። ሽንኩርት አለ፣ ቃሪያ አለ፣ ክብሪትም አለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«ጥጡስ?» አልኳት።

«የለም ለካ» አለች።

ትከሻዋ ላይ፣ ነጠላዋን የያዘች አንዲት ነጭ የጥጥ ብናኝ ነበረች። ሳያት አየችኝ። በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ አነሣቻትና በመስኮት ለቀቀቻት። እኔም ሽንኩርቱን ተቀብዬ፣ በጎኔ፣ ወደ ጓዳ ገባሁ።